የዶክተር እናትነሽ ምንይችል ሕይወትና የመጨረሻው «አዎ»

ዶክተር እናትነሽ ከአባታቸው ከአቶ ምንይችል ክንዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ ሙሉነህ፣ በታች ጋይንት ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ መስከረም 1976 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት አርብ ገበያ ነው። በ1985 አባታቸው ሲያርፉ ከሁለቱ ልጆች አንዱ እርፍ መጨበጥ ነበረበትና ታላቅ ወንድማቸው ሙላት ከአራተኛ ክፍል ወጣ። ይህን ያነሣለት ሰው የለም፤ እዚህ ግን ይጻፍ።

እሳቸው በነፋስ መውጫ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምረው መምህር ሆኑ። በ2003 ከአቶ ቴዎድሮስ መንግስቴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዳግማዊትንና ኪዱን አፍርተዋል። ሙላት ለሠርጉ የተጠራው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በስልክ ነው።

የሚያጠኑት፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ኮምፒውተርን እንዴት ማዘዝ እንደሚችል ነበር። በ2009 ሙላት ለሕክምና ባሕር ዳር ሲወርድ የሰው ንግግር ከሚሰማ ማሽን ፊት አስቀመጡት። ማሽኑ «ልቀጥል?» አለው። እሱም እንደ አገሩ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎ አለ። ማሽኑ ዝም። ደግሞ ጠየቀው፤ ደግሞ ሳበ። ተማሪዎቻቸው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሐኪም አይደለም፤ ምን ያስተነፍስዎታል?» ብለው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። በዚያው ሰሞን ወገዳና እስቴ ድረስ ወርደው በየገበያው የሰውን «አዎ» ሲቀዱ ከረሙ። ማሽኑም ያንን ትንፋሽ እንደ ቃል መቁጠር ጀመረ፤ ዶክተር የተባሉትም በዚሁ ሥራ ነው። በጥናቱ ውስጥ «አንድ ገበሬ» የተባለው ሙላት ምንይችል ነው። ስም አለው።

በ2017 የጉሮሮ ሕመም ጸንቶባቸው አዲስ አበባ ተኙ፤ ድምፃቸውም ጠፋ። የባለቤታቸው ወገኖች የመቃብር ማረፊያቸውን እዚያው አሰቡ። ሙላት አልጋቸው አጠገብ ቆሞ «እናትነሽ፣ አገርሽ ልውሰድሽ ወይ?» አላቸው። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

«አየር አጥሯት ነው፤ ባክህ አታድክማት» አሉት የባለቤታቸው ወገኖች።

«እንግዲያ እናንተ ጠይቋት» አለ።

አቶ ቴዎድሮስ «እዚህ ትቀሪያለሽ?» አሏቸው። ዝም አሉ። «ጋይንት?» ሲሏቸው ሳቡ። አቶ ቴዎድሮስ ያንን ጥናት ቃል በቃል ያነበቡ ሰው ናቸውና አንገታቸውን ደፉ፤ ክርክሩም በዚያው ቀረ።

ዶክተር እናትነሽ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በአርባ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈው፣ ዛሬ ከእናት ከአባታቸው ጎን አፈር ይቀምሳሉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ሙላት ቀርተዋል። ትንፋሽን ያለ ማሽን የሚሰማ ጌታ ነፍሳቸውን ሲጠራት፣ «አዎ» ብላ የምትገባበትን ደጅ ይክፈትላት።