የጠባሳዬን ፎቶ ለመስቀል ፈቃድ ለጠየቁኝ ሐኪም

ለተከበሩ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ፣ ጤናን ከነሙሉ ስሜቱ እመኝልዎታለሁ።

የጉልበቴን ፎቶግራፍ «የተዋጣለት ሥራ» በሚል ርዕስ በተራ መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለመስቀል ፈቃዴን የጠየቁበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ቢላው አቅጣጫ ማንም ያልጠየቀኝ ሰው ስለ ፎቶው መጠየቄ እጅግ አስደንቆኛል። ፊቴን ባያስታውሱት አይፈረድብዎም፤ የሴራሚክ ካርቶን ተሸክሜ ከደረጃ ወድቄ የግራ ጉልበቴ ጅማት የተበጠሰብኝ፣ እርስዎም ከጭኔ ጅማት ወስደው የተኩልኝ ወለል አንጣፊ ነኝ። ጅማቱ ይዟል፤ ይህን ብክድ ነውር ነው። የቀረውን ምስጋናዬን ግን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ከጉልበቴ ሥር ቁልቁል ያወረዱት ቅድ በቱንቢ የተለካ ይመስላል። ለቆዳው ስሜት የሚሰጠው ቀጭን ነርቭ ግን እዚያ ቦታ ላይ አግድም ነው የሚያልፈው። ይህን በወረቀት ሥላ ያስረዳችኝ የራስዎ ክፍል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ቅዱ የነርቩን መንገድ ተከትሎ ሰያፍ ቢሆን ኖሮ፣ ዋስትና ባይኖረውም፣ ነርቩ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነበር ብላኛለች። እርስዎ መሐል ለመሐል ቆረጡት።

2ኛ. ከጉልበቴ በታች ያለው ቆዳ የሌላ ሰው መስሎ መደንዘዙን ስነግርዎ፣ «ትንሽ መደንዘዝ ነው፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ። በሰው ፊት «አንተ» ማለትዎን ለቤተሰብነት ቆጥሬዋለሁ። ለምን ቁልቁል እንደቀደዱ ስጠይቅዎ ደግሞ «እጄ የለመደው እንደዚህ ነው፤ ጠባሳውም ያምራል» ብለው ወደ ስልክዎ ዞሩ። እውነትዎን ነው፣ ያምራል። ሱሪ ለብሼ ለምሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል?

3ኛ. የእኔ ሥራ ቀኑን ሙሉ መንበርከክ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአሥረኛው ወር፣ የአንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ሳነጥፍ፣ ጥፍር የምታክል የሴራሚክ ስባሪ ጉልበቴ ሥር ገብታ እኔ ሳላውቅ እስከ ምሳ ሰዓት ሠራሁ። ባለቤቲቱ ነጩ ወለል ላይ ደም አይታ «ወንድሜ፣ ምን ሆንክ?» ብላ ስትጮህ፣ እጄን ገልብጬ ነበር ቁስል የፈለግሁት። ቁስሉ አመርቅዞ ሦስት ሳምንት ቤቴ ተኛሁ። ሴትየዋ ሌላ አንጣፊ ቀጠረች፤ አልፈርድባትም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ሱሪዬን ሰብስባ ጉልበቴን ትፈትሻለች። በጣቷ እየተጫነች «እዚህስ? እዚህስ?» ትለኛለች። እኔም እንዳላሳዝናት እጇ የት እንዳለ በዓይኔ አይቼ «አዎ» እላለሁ። አታምነኝም።

ክቡርነትዎ፣ ቢሳሳቱ ኖሮ ይቅር እልዎ ነበር፤ የማይሳሳት እጅ የለም። እርስዎ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ እያወቁ፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው በምን እንደሚተዳደር አንድ ቃል ሳይጠይቁ፣ ልማድዎን መረጡ። የናቅሁት ይህንን ነው።

ስለሆነም ለፎቶው ፈቅጃለሁ፤ የሚሰቀለው ግን ተራ በሚጠብቁት ሰዎች ፊት ሳይሆን፣ እርስዎና ተማሪዎችዎ ከቀዶ ሕክምና በፊት እጃችሁን በምትታጠቡበት ቦታ ይሁን። ከሥሩም «የዚህ ጉልበት ባለቤት ሲነኩት አያውቅም» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ስለ ጅማቱ ተንበርክኬ ላመሰግንዎ ነበር ሐሳቤ፤ እንደቆምኩ ይቀበሉኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ግራ ጉልበቱን በዓይኑ ብቻ የሚያውቀው
ወለል አንጣፊ

ማስታወሻ፦ ፎቶውን ለመስቀል ግድግዳውን ከማስበሳትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ያስጠይቁ። ለግድግዳ ይጠየቃል።