የጋሽ ሳም መርዶ

ሰኞ

ዛሬም በስልክ ተሟገቱ። ሆም ኬር የምሠራላቸው፣ ቤታቸው እየዋልኩ የምንከባከባቸው ጋሽ ሳም እና ሴንት ፖል ከተማ የሚኖሩት ወንድማቸው ሞሪስ። ሁለቱም ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ ሁለቱም ግትር። ከእናታቸው ቋንቋ፣ ከአይሁዶቹ ይዲሽ፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ሁሉ ያጣላቸዋል። ዛሬ ተራው የ«ኹትስፓ» ነበር፤ ዓይን አውጣነት ማለት ነው። መነሻው ትግርኛ ተናጋሪዎች ከጉሮሮ የሚያወጡት ዓይነት ድምፅ ነው፤ እንግሊዝኛ ለእሱ ፊደል የለውም። ጋሽ ሳም በሲኤች ይጻፍ ይላሉ፣ ሞሪስ በኤች ብቻ። ቀጥሎ ኮምፒውተር ሲሳሳት የሚባለው «ግሊች» መጣ። ጋሽ ሳም «የኛው ነው፣ መንሸራተት ማለት ነው» ሲሉ፣ ሞሪስ ከጀርመንኛ ነው ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጉት። ጋሽ ሳም ሳቁ። «ነገ አሳየዋለሁ!»

ማክሰኞ

ሞሪስ ሞቱ። በእንቅልፋቸው። ልጃቸው ዴብራ ስትደውል ጋሽ ሳም ሻወር ውስጥ ነበሩ። «ንገሪውና ይደውልልኝ» ብላኝ እያለቀሰች ዘጋች።

እንዴት ብዬ? ልባቸው ደካማ ነው፣ ቤት ያለነው እሳቸውና እኔ ብቻ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እዚህ አገር ቀብር ሳምንት ይቆያል፤ ምን ያስቸኩላል? ማንም ድንገት እንዳያረዳቸው የቤቱን ስልክ ነቀልኩት። ጎረቤቶቻቸውን ባልና ሚስት አብረውኝ እንዲያረዷቸው ለመንኩ። ግራ ገባቸው፤ ግን ሐሙስ ጠዋት እንመጣለን አሉ።

«ሞሪስ አልደወለም?»

«ስልኩ ተበላሽቷል፣ ጋሼ።»

ረቡዕ

ሞሪስን የሚረቱበት ማስረጃ ሲፈልጉ ዋሉ። መዝገበ ቃላቱን እኔው አቀበልኳቸው።

ማታ ነገ በጠዋት ነይ ልላት ለዴብራ በሞባይሌ ደወልኩ። «ቀብረነው መምጣታችን ነው። አጎቴ ለምን ቀረ? ስንት ጊዜ ደወልን!» አለችኝ። አይሁድ ለካ ቀብር አያቆዩም። ወንድማቸውን አፈር እንዳያለብሱ አደረግኋቸው። እኔ።

ሐሙስ

ጎረቤቶቹ መጡ፤ ለጋሽ ሳም መርዶውን ነገርናቸው። ቀብሩ እንዳለፈ፣ ስልኩን እንደነቀልኩ፣ ራሴ ተናገርኩ። አላለቀሱም። በአገሬ ወግ እንዲህ ነው፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ።

ተነስቼ ስልኩን መልሼ ሰካሁት። ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ።

ዓርብ

መቃብሩ ጋ ውሰጂኝ አሉ። ድራይቭ አደረግሁ። በረዶው መሀል ጥቁር አፈር ተቆልሏል። መደገፊያ ዎከራቸውን ይዘው መጎንበስ አቃታቸውና እጃቸውን ዘረጉልኝ። አፈር አፍሼ ሰጠኋቸው፤ በተኑት። ሌላ ሰጠኋቸው። ደግሞ ሌላ። ለወንድማቸው በይዲሽ ብዙ ነገር ተናገሩ፣ አንዱም አልገባኝም። ያኔ አለቀሱ። እኔም ራቅ ብዬ አለቀስኩ።

ስንመለስ የመኪናውን የፊት በር ከፈትኩላቸው። ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ የኋላውን ራሳቸው ከፍተው ገቡ።