ምስጢሬን ለአሥራ ስምንት ሰው አንብቦ ለባለቤቴ አንድ መስመር ለነፈገ ክሊኒክ

ለተከበሩ የመካከለኛ ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለሠራተኞችዎ በሙሉ ጤናና ሰላም እንዲበዛላችሁ፣ በተለይም የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ጉሮሮ ከጉንፋንም ከመጎርነንም እንዲጠበቅ ከልቤ እመኛለሁ። እንዲህ ያለ ከአዳራሽ አልፎ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ድምፅ በየጊዜው አይገኝምና እባክዎ ይንከባከቡልን።

የክሊኒክዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጻፍሁትም። የሰው ምስጢር እንዴት እንደሚያዝ በተግባር ላሳይዎ ብዬ ነው። የእኔን ስም ግን እስከ አያቴ ብጽፈው ከእንግዲህ የሚጨምርብኝ ነገር ስለሌለ፣ ከታች ሙሉውን ያገኙታል።

እኔ በጉና ተራራ ግርጌ የምኖር፣ ገብስና ድንች የማበቅል ገበሬ ነኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል በመማሬ የዕድራችን ጸሐፊ አድርገውኛል፤ ለመንገድም ለማዳበሪያም ለመብራትም ያልጻፍሁት ማመልከቻ የለም። ስለ ገዛ ሰውነቴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍሬአለሁም። የምጽፈውም በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ የባለቤቴ የማሬ ምናለ ስም ያለ ጥፋቷ ጠፍቷል፣ እንዲመለስላትም እፈልጋለሁ።

ማሬ አምስተኛ ልጃችንን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ስድስተኛ እንዳታስቡ ብሎ አስጠነቀቀን። የወሊድ መከላከያ መርፌውም አልተስማማት፣ በክንድ የሚቀበረውም አልተስማማት። አንድ ቀን ድንች እየላጠች ቀና አለችና፣ «በእኔ ላይ ያልሞከሩት የለም፤ አንተስ ሰውነት የለህም?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሦስት ቀን አስቤ፣ ሐኪሞች ቫዜክቶሚ የሚሉትን፣ የወንድ የዘር ቱቦ የሚቋጠርበትን ትንሽ ቀዶ ሕክምና ላሠራ ቃል ገባሁላት።

ለመወሰን ሦስት ቀን የበቃኝ ሰው፣ ክሊኒክ ለመምረጥ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ሌላው ሰው ክሊኒክ ሲመርጥ የሐኪሙን እጅ ይጠይቃል፤ እኔ የጠየቅሁት ከክሊኒኩ ደጃፍ ፊት ለፊት ማን እንደሚቀመጥ ነው። የገሳይ ከተማውን ክሊኒክ የተውሁት የማሬ ወንድም ከበሩ ትይዩ ሻይ ስለሚጠጣ ነው። ባሕር ዳርን የተውሁት የአጎቴ ልጅ እዚያ ስላለች ነው፤ ቤቷ ሳላድር ብመለስ ትቀየመኛለች፣ ባድር ምን ልትሠራ መጣህ ትለኛለች። ሐሙሲት ግን በገበያ ቀን ሄጄ፣ በግርግሩ መሐል ገባሁ። ሲስተር ሰላማዊት የምትባል ነርስ፣ «አረፍ ይበሉ፣ ይኼ ነገር ጊዜ ወስደው ሊሰሙት የሚገባ ነው» ብላ ሥዕል ዘርግታ ማስረዳት ጀመረች። «ከተሠራ በኋላም ቢሆን» ብላ ሳትጨርስ፣ በመስኮቱ በኩል የክርስትና ልጄ እናት ሽንኩርት ስትመርጥ አየኋትና፣ በቅሎዬን አይቼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። የመጣሁት በሚኒባስ ነበር። ይመለሳል ብላ ምን ያህል እንደጠበቀችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመጨረሻ የእርስዎን ክሊኒክ አገኘሁ። በቀይ ቀለም «የታካሚያችን ምስጢር ክብራችን ነው» የሚል ጽሑፍ በግንባሩ ላይ አለ፤ በጓሮው በኩል ደግሞ ወደ ባሕር ዛፉ የሚያስወጣ ሌላ በር አለው። ሁለት በር ያለው ቤት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ስለ ባለሙያው አንድም ነገር አልጠየቅሁም። ኅዳር 11 ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሠራልኝ። የሠራኝ ሰው እጁ ቀላል ነበር፤ ለእርሱ ያለ አንዳች ሽሙጥ ምስጋናዬ ይድረሰው። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ስለ ድምፅ። ለጎረቤት ወገቤን ልታከም ነው ብዬ ነበር የሄድሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የገብስ አጨዳ ደቦ ነበር፤ ገብሱም የራሴ ነው። ከባድ ነገር እንዳልነካ ስለተነገረኝ ቤት ተኛሁ። በእኛ አገር በገዛ ገብሱ ደቦ ቀን የሚተኛ ወንድ ሊሞት የተቃረበ ብቻ ነው። አሥራ ስምንት ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ቃሬዛ ይዘው መጡ። ደህና ነኝ ብላቸው፣ «ደህና ነኝ የሚል ነው የባሰበት» አሉ። ማሬ ንገራቸው ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ አልነገርኋቸውም። እየተፈራረቁ ሦስት ሰዓት ሙሉ በትከሻቸው ተሸክመው አስፋልት አደረሱኝ፤ አንዱማ መንገድ ላይ የልጆቼን አደራ ተቀበለኝ። ከዚያ መኪና ተሳፍረን፣ አብሶታል ወደሚሉት ክሊኒክ፣ ማለትም ወደ እርስዎ አመጡኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የዕድራችን ዳኛ አቶ ታምራት ቀረብ ብለው፣ «እኛ ወገቡን አክሙልን ብለን ብንሰድ፣ እናንተ አብሳችሁ መለሳችሁት፤ ምን አድርጋችሁት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሠራተኛዎ መዝገቡን ገለጥ አድርጋ፣ «ወገብ የሚል የለም። አቶ ባምላኩ የመጡት ከእንግዲህ እንዳይወልዱ የዘር ቱቦ ሊያስቋጥሩ ነው፤ በሰላም ተሠርቶላቸው ሄደዋል» አለች። በአንቱታ ስለጠራችኝ አመሰግናለሁ። አቶ ታምራት በመንገድ ላይ ያለበሱኝን ጋቢያቸውን ከላዬ አንሥተው ደረቡት። በመመለሻችን ባዶው ቃሬዛ ከፊት፣ እኔ በእግሬ ከኋላ ሆንን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ሙክቱ ሆኗል፤ የተኮላሸና የሰባ በግ ማለታቸው ነው። መስባቴን እንኳ በሐሰት ጨመሩልኝ። እሱንስ ለመድሁት።

2ኛ. ስለ ወረቀት። በመጀመሪያው ቀን ስወጣ ባለሙያው፣ «ለጥቂት ጊዜ ይታገሡ» ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ሰጠኝ። ጥቂት ጊዜ ስንት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም የጓሮው በር ስላጓጓኝ አልጠየቅሁም። ብዙም ሳይቆይ ጾመ ነቢያት ገባ። ማሬና እኔ እንደ ደንቡ ለየብቻ እያደርን ከአርባ ቀን በላይ ጨረስን። ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት፣ ያውም ከነበረከቱ፣ ከየት ይመጣል ብዬ ገና ሲውል መታገሤን አበቃሁ። ወረቀቱ ግን ሦስት ወር ሙሉ በሌላ መከላከያ ተጠንቀቁ፣ ከዚያም ተመልሳችሁ ምርመራ አድርጉ፣ እስከዚያ ዘር አለቀ ብላችሁ አትመኑ ይል ኖሯል። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ ከትቼ አስቀመጥሁት። አዳራሹ ሁሉ ሊሰማው የማይገባው በጥሩ አማርኛ ታወጀልኝ፣ እኔ ብቻ ልሰማው የሚገባኝ ግን በባዕድ ቋንቋ ታጥፎ ተሰጠኝ፤ ለዚህ የሥራ ክፍፍላችሁ ያለኝን አድናቆት ይቀበሉልኝ።

3ኛ. ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ተራው ስለደረሰ ነው የጻፍሁት። በሚያዝያ ማሬ ማርገዟ ታወቀ። እኔ «የተዘጋሁ» መሆኔን በጆሮው የሰማ አሥራ ስምንት ወንድ አለ፤ አሥራ ስምንቱም ሚስት አላቸው። በሳምንቱ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ማሬ ስትመጣ ወሬ ማቆም ጀመሩ። ያን ጊዜ ከጎኗ መቆም የነበረበት አንድ ሰው እኔ ነበርሁ። እኔ ግን አንድ ጠዋት ገብስ ስታበጥር ደርሼ፣ «የማን ነው?» አልኋት።

አሥራ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን፣ ልጄን ወልዳ ሞት ደጃፍ ደርሳ የተመለሰችውን ሴት ነው የማን ነው ያልኋት። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ አየችኝ። ይህም አልበቃኝ ብሎ በታቦት ፊት ማይልኝ አልኋት። ሃያ አንድ ቀን መደብ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ትንሹን ልጃችንን አዝላ ገሳይ አጠገብ ወዳለው ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን ልመልሰው አልቻልሁም። አፍራለሁ። ሙክቱ መባሌ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ያንን ወረቀት ቀደም ብዬ ያላስነበብሁት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ጸሐፊው ማንበብ አቃተው እንዳልባል ነው። በግንቦት ለትምህርት ቤታችን መምህር ለአዲስዓለም ወስጄ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አንብቦ በአማርኛ ነገረኝ፤ ቀጥሎም ቀስ ብሎ አጥፎ መለሰልኝና፣ «ማሬ የት ናት?» አለኝ።

4ኛ. በማግስቱ እየሮጥሁ ወደ እርስዎ መጣሁ። ወንበር ስላቀረቡልኝ አመሰግናለሁ። የለመንሁዎ አንዲት መስመር ነበረች፤ ሕክምናው አስተማማኝ የሚሆነው ከሦስት ወርና ከምርመራ በኋላ ስለሆነ፣ በጥር የተፀነሰ ልጅ እናቱን የሚያስጠረጥር ነገር የለበትም የምትል፣ ለዕድራችን የምትጻፍ፣ ማኅተም ያረፈባት አንዲት መስመር። እርስዎም መነጽርዎን ወልውለው፣ የታካሚን ምስጢር ለሦስተኛ ወገን በጽሑፍ መስጠት የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድልንም አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገሬ ሰው። ታካሚው እኮ እኔው ነኝ ብልዎ፣ እንግዲያውስ በጽሑፍ ማመልከቻ ያስገቡ አሉኝ። ይኸው አስገብቻለሁ፤ ምስጢሩም እንዳይባክን አንዱን ቅጂ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ልመናዬም ከወረቀት ወደ ድምፅ ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው የተነገረው በድምፅ ስለሆነ ሁለተኛውም በድምፅ ይሁንልኝ። በሚመጣው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሠራተኛዎን ወደ ደብራችን ይላኩልን። መንገዱ ይከብዳታል ካሉ በቅሎ እልካለሁ፣ የአሁኑ በቅሎ እውነተኛ ነው፤ ቃሬዛም ከፈለገች አሥራ ስምንቱ ፈቃደኞች ናቸው። በአዳራሽዎ ባነበበችበት ድምፅ፣ ያለ ቅናሽ፣ ማሬ ምናለ ጥፋት የለባትም፣ ጥፋቱ በእኛ ወረቀትና በባሏ ጆሮ ነው ትበልልን።

ማሬ አሁን አምስተኛ ወሯን ጨርሳለች። ወሊዱ ጥቅምት ላይ ነው፤ የዚያን ቀን ምን እንደሚመጣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እግዚአብሔር አያድርገውና ክፉ ቢመጣ፣ የሚሸከሟት እነዚያው አሥራ ስምንቱ ናቸው። በልባቸው እየጠረጠሯት እንዲሸከሟት አልፈልግም። በሕይወት ወጥታ ልጁን ታቅፋ ስትመጣም ዓይኗን መሬት ላይ እንድትተክል አልፈልግም።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ ከፍ ያለ አክብሮት በሁለቱም በሮችዎ እኩል እንዲገባልዎ እየተመኘሁ፣ እስከ ወገቤ፣ ምንም ባልሆነው ወገቤ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ባምላኩ አስናቀ ይሻው
የዕድር ጸሐፊ፣ በሕዝብ አጠራር ሙክቱ
ሰኔ 19 ቀን

ግልባጭ፦
ለአሥራ ስምንቱ ተሸካሚዎች፣ በየደጃቸው
ለሐሙሲቷ ሲስተር ሰላማዊት፣ ከይቅርታ ጋር
ለወይዘሮ ማሬ ምናለ፣ በአባቷ ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማሬን ግልባጭ በወንድሟ እጅ አስቀድሜ ልኬላት ነበር። ዛሬ መልስ መጣ፤ በወረቀት አይደለም፣ በቃል ነው። «ለክሊኒኩ አራት ገጽ ጻፍህ» ብላለች። «ክሊኒኩ አያውቀኝም። አሥራ ስድስት ዓመት የምታውቀኝ አንተ ነህ። ለእኔ ስንት ገጽ ጻፍህ?»

አንድም አልጻፍሁላትም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለመልሱ አይቸኩሉ፤ መዝገብዎን ይዝጉት፣ ማኅተምዎንም መልሰው ያስቀምጡት። ነገ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በአስፋልቱ ገሳይ ሄጄ በአባቷ ደጃፍ ድንጋይ ተሸክሜ እቆማለሁ። እሑድ ደግሞ ሠራተኛዎ መጣችም ቀረችም፣ ቅዳሴ ሲወጣ በአሥራ ስምንቱ ፊት እኔው ቆሜ ልጁም የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው እላለሁ።