የቀይ ኤሊው ሱቅ ይዘጋልኝ

ቀን፦ መጋቢት 14 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.

ለከተማው የነባር ሱቆች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ማላካ

አመልካች፦ ወይዘሮ ኮ ጊም ኒዮ፣ የሟች ሱ ኪያን ቦክ ባለቤት
አድራሻ፦ ከወንዙ ማዶ፣ ልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ የቤት ቁጥር 61

ጉዳዩ፦ «የሱ ቤተሰብ ኩዌ» የተባለው የሩዝ ጣፋጭ ሱቅ ከነባር ሱቆች መዝገብ ተሰርዞ እንዲዘጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ወደዚህ ጽሕፈት ቤት የሚገባ አቤቱታ ሁሉ «ሱቄ አይዘጋብኝ» የሚል እንደሆነ ሰምቻለሁ። የእኔ ተገላቢጦሹ ነው። ጸሐፊዎችዎ አሮጊቷ ተሳስታ ነው ብለው ወደ ሌላ ክምር እንዳይወስዱት፣ እርስዎ ራስዎ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. የካቲት 18 ቀን በተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ፣ በመዝገብ የሰፈረ ነባር ሱቅ ያለ ፈቃድ ከሁለት ቀን በላይ መዘጋት እንደማይችል፣ እኔ ግን ሰባት ቀን ሙሉ እንደዘጋሁ ተገልጿል። እውነት ነው፤ አልክድም። ታምሜም ሰው ሞቶብኝም አልነበረም። ምክንያቱን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንብኛል።

2. ሱቁ የባለቤቴ ታላቅ እኅት የወይዘሪት ሱ ቢ ህዋ ነበር፤ እሷም ከእናቷ የወረሰችው ነው። እኔ የገባሁበት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በሙሽርነት ነው። ባለቤቴ ኪያን ቦክ በሦስተኛው ዓመት የዓሣ ጀልባቸው ተገልብጦ ሞተ። ልጅ አልነበረንም። የሐዘኑ ቀናት እንዳለቁ ልብሴን በአንሶላ ቋጥሬ ወደ እናቴ ቤት ልሄድ ስነሣ፣ ቢ ህዋ ከምድጃው ፊቷን ሳትመልስ፣ «መሄድ መብትሽ ነው። ግን ለነገ መቶ ሃያ ቀይ ኤሊ ታዟል፣ እኔ ደግሞ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ከነገ ወዲያ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ከነገ ወዲያ ሌላ ትእዛዝ መጣ። እንዲህ እያልን አርባ ስድስት ዓመት ቆየሁ።

3. ሕፃን ወር ሲሞላው ለዘመድና ለጎረቤት የሚታደለው ቀይ ኤሊ፣ በኤሊ ቅርጽ የሚሠራው ኩዌ፣ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ክቡርነትዎ ሳያውቁት አይቀሩም። የሚያጣብቀው የሩዝ ሊጥ ሳይደርቅ አንዷ የተፈጨውን ማሾ ትጠቀልልበታለች፤ ሌላዋ በእንጨቱ ቅርጽ ማውጫ ተጭና፣ የኤሊው ጀርባ ሳይሰነጠቅ ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጋ ታወጣዋለች። ዘጠኝ ድርቡ ኩዌም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ድርብ በእንፋሎት ሳይበስል ሌላው አይፈስበትም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የእኔ ድርሻ ነበር። መጠቅለል፣ መጫን፣ የሙዝ ቅጠል ማጠፍ፣ ኮኮናት መፋቅ።

የቢ ህዋ ድርሻ መቅመስ ነበር። በማንኪያ ለክታ አታውቅም። ኮኮናት እንደ ሰው ነው፣ የዛሬው ከትናንቱ ጋር አይገጥምም ትላለች። ትንሿን ጣቷን የኮኮናቱ ወተት ውስጥ ነክራ፣ ጣራውን እያየች፣ «ጨው ተኝቷል» ካለች እጨምራለሁ። «ጨው ነቅቷል» ካለች ወተት እጨምራለሁ። አንድ ጊዜ የሠርግ ትእዛዝ አልቆ ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ አንዱን ቀምሳ፣ «ይሄን ለጠላቴም አልሰጠው» ብላ ሙሉውን ትሪ ደፋችው። ሁለታችንም እያለቀስን እንደገና ሠራነው። እሷ የምታለቅሰው በንዴት ነበር፤ እኔ በድካም።

4. ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ጽሕፈት ቤትዎ ሱቃችንን መዝግቦ የነሐሱን ሰሌዳ በራችን ላይ ሰቀለልን። ቢ ህዋ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር አነበብኩላት። «በአንድ ቤተሰብ እጅ፣ ጣዕሙ ሳይለወጥ» ይላል። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና፣ «ሳይለወጥ የሚለውን ማን ቀምሶ ነው የጻፈው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በሰባተኛው ወር፣ በሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለች አረፈች።

5. ፈቃዱ ወደ እኔ ስም ዞረ። ብቻዬን መጠቅለልና መጫን ተማርኩ፤ አንዱን እየጨረስኩ ሌላው ይደርቅብኛል፣ ግን ተማርኩ። አራት ወር ያህል ቆይቶ ትኩሳት ያዘኝና ሦስት ሳምንት ጣለኝ። ስነሣ ቤቱ ውስጥ ሽታ የሚባል ነገር አልነበረም። ለኩዌው መዓዛ የሚሰጠውን የፓንዳን ቅጠል አሸሁ፣ ምንም። የዘንባባ ስኳር አፌ ውስጥ አደረግሁ፤ እንደ ጠጠር ሆነብኝ። የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለኝ። አልተመለሰም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ለማንም ሳልናገር ዓመት ከአምስት ወር ሠርቻለሁ። የማልቀምሰውን ሸጫለሁ። በዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምነግረው ሰው ማን ነበረ ቢባል ደግሞ፣ የምነግራት እሷን ነበር።

6. የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ ወይዘሪት ሱሃይላ በየሦስት ወሩ ቅጽ ይዛ ትመጣለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ክፉ አልወጣትም። እንደ እማማ ቆጥራኝ «ቢቢክ ጊም፣ እርስዎ እኮ የከተማው ቅርስ ነዎት!» ትለኛለች። «ቅርስ ከሆንኩማ እስቲ አቧራዬን ጥረጊልኝ» እላታለሁ። ትስቅና ምድጃው እንዳልተለወጠ፣ ቅርጽ ማውጫዎቹ የጥንቶቹ እንደሆኑ፣ የበሩ ቀለም ያው እንደሆነ ምልክት ታደርጋለች። ቅጹ ላይ ስለ ጣዕም የሚጠይቅ ቦታ የለም። ቢኖርማ ያን ጊዜ በተነቃብኝ ነበር።

ከሰሌዳው በኋላ ጎብኚ በዝቷል። ፎቶ ያነሣሉ፣ አንድ ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ። ከሱቁ ወጥቼ ደጄን ስጠርግ የአበባው ማሰሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ ኩዌ አገኝ ነበር። አንድ ቀን አምስት፣ ሌላ ቀን ዘጠኝ። የዛሬ ሰው ጣፋጭ አይወድም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ የማይነግረው ውሸት የለም።

7. ነገሩ የተገለጠው በአቶ ላው ቴክ ሂን ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓርቡ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ኩዌ አራት ይገዛሉ፤ አንዱን እዚያው ተቀምጠው በሻይ ይበላሉ፣ ሦስቱን ይዘው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ውስጥ ከ«ስንት ነው?» እና ከ«ፎቶ ላንሣ?» ውጪ ሌላ ቃል የሚያናግሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የካቲት መጀመሪያ ላይ የልጃቸው ልጅ የወለደቻት ሕፃን ወር ሞላትና፣ እንደ ደንቡ ለእኔም ቀይ ሣጥን ተላከልኝ። ከፈትኩት። ቀይ እንቁላል አለ፤ ኤሊዎችም አሉ። ኤሊዎቹ የእኔ አይደሉም። ጀርባቸው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ የማሽን ሥራ ናቸው። ያን ቀን ኩዌ መሥራት አልቻልኩም።

ዓርብ ሲመጡ ሻዩን ሳልቀዳ ጠየቅኋቸው።

«አቶ ላው፣ የሕፃኗን ኤሊ ከየት አመጣችሁት?»

ጫማቸውን አዩ። «አንቺ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ሻዩን ልጠጣ ወይስ እውነቱን ልናገር?»

«እውነቱን።»

«ከትልቁ መደብር ነው የገዛነው። ያንቺ ካምና ጀምሮ ጨው በዝቶበታል። አንዳንዴም መሙያው ይኮመጥጣል። ለእኔ ምንም አይደለም፣ እንግዳ ፊት ግን ማቅረብ አልቻልንም።»

«ታዲያ በየሳምንቱ አራት አራት የሚገዙት?»

«አንዱን በሻይ እገፋዋለሁ። ሦስቱን ድልድዩ ጋ ስደርስ ለወንዙ አርጃኖ እጥልለታለሁ። አይተሽዋል? ወፍሯል እኮ።»

ልስቅ አልኩ፤ ግን አልሳቅሁም። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትዘጊዋለሽ። ከዘጋሽው እኔ ዓርብ የት ነው የምሄደው?»

8. በማግስቱ በሩን ዘጋሁ። ክቡርነትዎ የጠቀሷቸው ሰባት ቀናት እነዚህ ናቸው። አልተኛሁባቸውም። አቶ ላው በእኔ ምላስ ፈንታ እንዲቀምሱልኝ ለምኛቸው በየጠዋቱ ይመጡ ነበር። ትንሿን ጣታቸውን ነክረው እንደ ቢ ህዋ ጣራውን ያያሉ።

«ተኝቷል ወይስ ነቅቷል?»

«ጥሩ ነው።»

ሆን ብዬ ሁለት እፍኝ ጨው ጨምሬ አቀረብኩላቸው።

«አሁንስ?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «እሱም... ጥሩ ነው» አሉኝ። «እኔ ሾፌር ነኝ፤ አንቺን ለማስከፋት አልሠለጠንኩም።»

በዚያን ቀን ነገሩ እንዳበቃ አወቅሁ። ለዚህ ሥራ ትሪ የሚደፋ ሰው ያስፈልጋል። ቢ ህዋ በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ጥሩ ነው» ብላኝ አታውቅም። ዝም ካለች ነበር ጥሩ የሚሆነው። በስምንተኛው ቀን የከፈትኩት ማስጠንቀቂያው ስለደረሰኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አልሠራሁም።

9. ይህን ሁሉ ለወይዘሪት ሱሃይላ ነገርኳት። ከዚያ በቅን ልቦና፣ ልኬቱን በግራም የሚያስቀምጥ ባለሙያ እንደሚመደብልኝ፣ ሱቁም በዚያ መቀጠል እንደሚችል ነገረችኝ። አመሰግናታለሁ። ነገር ግን ባለሙያው የሚለካው የማንን ጣዕም ነው? የእኔን ከሆነ የተበላሸውን ነው። የቢ ህዋን ከሆነ እሷ ሞታለች። ሰሌዳው «ሳይለወጥ» ይላል፤ ተለውጧል። ይህን የምናውቀው እኔና አቶ ላው ብቻ ብንሆን እንኳ ውሸት ነው፤ በሯ ላይ ተሰቅሎ እንዲያድር አልፈልግም።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ፦

ሀ) ሱቁ ከመዝገቡ ተሰርዞ ሰሌዳው እንዲነሣ፤ በዚያው ስምም ሌላ ሰው እንዳይከፍትበት።

ለ) ጽሕፈት ቤትዎ ለዐውደ ርእይ የጠየቃቸውን አሥራ ሁለት የእንጨት ቅርጽ ማውጫዎች በተመለከተ፣ ለመስታወት ሣጥን እንዳልሰጥ እንዲፈቀድልኝ። ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። በጽሕፈት ቤቱ በኩል የሚሠራባቸው ሰው ከመጣ በነፃ እሰጣለሁ፤ እንዴት መታ እንደሚደረግም አሳያለሁ። እጄ እስካሁን ደኅና ነው። ምላሱን ግን ይዞ ይምጣ።

ሐ) ባለፈው ዓርብ ተቆጣጣሪ በዚህ ሲያልፍ «በሩ ክፍት ሆኖ ለሽያጭ የቀረበ ነገር የለም» ብሎ ሁለተኛ ጥፋት መዝግቦብኛል። ያየው ልክ ነው። አቶ ላው በሰዓታቸው መጥተው ነበር። ባንኮኒው ላይ ባዶ ትሪ ሲያዩ፣ «ዛሬ ምን አለ?» አሉኝ። «ምንም የለም» አልኳቸው። ወንበሩን ሳብ አድርገው፣ «እንግዲያስ እሱኑ ስጪኝ» ብለው ተቀመጡ። የመስጊዱ የምሽት ጥሪ እስኪሰማ ድረስ ስለ ድሮ የአውቶቡስ መሥመሮች ሲያወሩኝ ቆዩ።

ይህ ጥፋት እንዲሰረዝልኝ፣ ወደፊትም በዓርብ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በሩን ብከፍት እንዳልቀጣ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ። ሱቅ ካልሆነ በሩ ለምን ይከፈታል የሚል ደንብ ካለና ምክንያት መሙላት ካስፈለገ፣ በምክንያት ቦታው ላይ «ሰው ስለሚመጣ» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኮ ጊም ኒዮ