የ«ከደንብ ልብስ ውጭ» ፊልም ደራሲና ተዋናይት የእናትዓለም ክንዱ ዕረፍት

ከጣና ዳር የፊልም ባለሙያዎች ማኅበር፣ ባሕር ዳር

የማኅበራችን አባል ተዋናይትና ደራሲ እናትዓለም ክንዱ ባደረባቸው የጡት ካንሰር ሕመም በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በትውልድ ቦታቸው በይፋግ ተፈጽሟል። ማኅበሩ በእጅጉ አዝኗል፤ ከሐዘኑ ጋር ግን ኀፍረት አለበት። ኀፍረቱን ደብቆ የሙያ ታሪካቸውን ብቻ መዘርዘር አይገባውምና ይህን መግለጫ አውጥቷል።

እናትዓለም በ1982 ዓ.ም. ይፋግ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ሸክላ ሠርተው ገበያ እያወጡ አሳድገው አስተምረዋቸዋል። በአካባቢው ሸክላ ሠሪ «ጠይብ» እየተባለ ይገለላል፤ ሰው በዓይኑ ይበላል እየተባለም ይፈራል። ልጃቸው ይህን እየሰሙ አደጉ።

በ2004 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገብተው ቀን በፋብሪካ እየሠሩ፣ ከሥራ መልስ በመድረክ ተውኔት መሳተፍ ጀመሩ።

በ2011 ዓ.ም. «ከደንብ ልብስ ውጭ» የተሰኘውን የፖሊስ ፊልም ራሳቸው ጽፈው መሪ ተዋናይት ሆኑ። ማኅበራችን ያሠራው ይህ ፊልም ከገጠር የሚመጡ ልጃገረዶችን በሥራ ስም እያታለሉ የሚሸጡ ደላሎችን የምታሳድድ የአንዲት ኢንስፔክተር ታሪክ ነው። ያሰረቻቸው ሁሉ በማግሥቱ ሲፈቱባት የደንብ ልብሷን አውልቃ በጣና ሐይቅ ዳር ብቻዋን ታሳድዳቸዋለች፤ ልጃገረዶቹንም ታስጥላለች። ያዳነቻቸው ልጆች ወላጆች ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ በራቸውን ይዘጉባታል።

ቀረጻው በጣና ደቅ ደሴት ላይ እየተካሄደ ሳለ ከተሸጡት ልጆች አንዷን ሆና የምትጫወተው ቃልኪዳን ትኩሳት ይዟት ወደቀች። ከቀረጻው ቡድን መካከል «እናትዓለም በልታት ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ጤና ጣቢያ ስትመረመር ሕመሙ ወባ ሆኖ ተገኘ። ማኅበሩ ውጤቱን ያውቅ ነበር። ለቡድኑ ግን አልተናገረም፤ ወሬው በራሱ ይሞታል ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትዓለም ምሳቸውን ለብቻቸው በሉ።

በ2012 ዓ.ም. ፊልሙ በባሕር ዳር ሲመረቅ ሰብሳቢያችን አቶ ይትባረክ እናትዓለምን ጠርተው፣ «እንግዶቹ ቅር እንዳይላቸው ነው፤ ለዛሬ ብቻ ቅሪ» አሏቸው። እናትዓለም «እሽ ጋሼ። ኢንስፔክተሯ ትግባ፣ እኔ ከበር ልቁም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እንደተባሉትም ከምረቃው ቀሩ። አዳራሹ ግን በሮች በኢንስፔክተሯ ላይ ሲዘጉ ባየ ጊዜ አለቀሰ፤ መጨረሻው ላይም ቆሞ አጨበጨበ። ጭብጨባውን በደራሲዋ ስም የተቀበልነው እኛ ነን።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሬዲዮ ድራማ ድምፃቸው ይፈለግ ነበር፤ ለፊልም የጠራቸው ግን አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ሐሙሲት ላይ ከደላሎች እጅ ለወጡ ሴቶች የተውኔት ቡድን አቋቋሙ። ሴቶቹ የደረሰባቸውን ራሳቸው ጽፈው ለገበያተኛው ያሳዩ ነበር። ማኅበሩ ለዚህ ሥራ ያደረገው ድጋፍ የለም።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ያስታመመቻቸው «ተበላች» የተባለችው ቃልኪዳን ናት። ማኅበሩ መታመማቸውን የሰማው ከእርሷ ነው።

ለቀብር ይፋግ የሄዱት ልዑካን ከሥርዓቱ በኋላ ወደ ሐዘን ቤቱ ገቡ። ወይዘሮ አገርነሽ ራሳቸው በሠሩት የሸክላ ሳህን ንፍሮ አቀረቡ። አቶ ይትባረክ «ጾመኛ ነኝ» ብለው ሳህኑን አጠገባቸው ለተቀመጡት ልዑክ አሳለፉ፤ እርሳቸውም አሳለፉ። ሳህኑ ሳይነካ ዞሮ ቃልኪዳን ዘንድ ደረሰ። እርሷም ተቀብላ ከወይዘሮ አገርነሽ አጠገብ ተቀመጠችና አብረው በሉ። ያን ቀን ጾም አልነበረም።

ማኅበሩ በማግሥቱ ተሰብስቦ ምስጋና ብቻ ያለበት መግለጫ አዘጋጅቶ ነበር። ሲነበብ ቃልኪዳን ተነሥታ፣ «ትናንት እናቷ ፊት ያደረጋችሁትን አይቻለሁ። እሱንም ጻፉት፤ አለዚያ የእኔን ስም ከማኅበሩ አውጡት» አለች። አቶ ይትባረክም «ጻፉት፤ ስሜንም አትተዉት» አሉ። በዚሁ ዕለትም ሰብሳቢነታቸውን ለቀቁ። በስብሰባው የነበርነው ሌሎቻችንም ሳህኑን ካሳለፉት መካከል ነን።

ፊልሙን በእናትዓለም ስም ይፋግ ላይ ለማሳየት ቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቀን ነበር። ወይዘሮ አገርነሽ፣ «እኔ ልጄን አይቻታለሁ። ያላያችኋት እናንተ ናችሁ፤ እዚያው እዩዋት» ብለው መልሰውልናል። ስለዚህ ፊልሙ በባሕር ዳር በዚያው በተመረቀበት አዳራሽ፣ የደራሲዋ ስም በመጀመሪያ ተጽፎ፣ ለአባላት ሁሉ ይታያል።

ለወይዘሮ አገርነሽ፣ ለእናትዓለም ወንድም ለአቶ ሀዲስ ክንዱ፣ ለሐሙሲት የተውኔት ቡድን አባላት፣ እንዲሁም ለቃልኪዳን ፈጣሪ መጽናናቱን እንዲሰጥልን፣ ለእናትዓለምም ነፍስ ዕረፍትን እንዲያድልልን እንለምናለን። ይቅርታ ለማለት ግን ወረቀት መላክ አይበቃም። በአርባቸው ዕለት ይፋግ እንመለሳለን፤ ወይዘሮ አገርነሽ ቢፈቅዱልን ከማዕዳቸው እንቀመጣለን።

የማኅበሩ አባላት
ኅዳር 2018 ዓ.ም.