ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዝናብ ሲገባ እንደሚብስብዎ አውቃለሁና እባክዎ መሰላል ላይ አይውጡ። እማዬስ? ድመቷስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ ለምዶብኝ ነው እንጂ ዛሬስ ደህና አይደለሁም። በስልክ ሳይሆን በወረቀት የመጣሁብዎም ለዚህ ነው። በስልክ ቢሆን እማዬ አጠገብዎ ሆና ጆሮዋን ትጥላለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ይህን የዳቦ መኪናው ሾፌር ሐሙስ ከሰዓት ያደርስልዎታል። ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። በዱር እንስሳት መጠለያው የክረምት ተለማማጅ ማለት እንዲህ ነው፤ የክረምት ትምህርት የሚማሩት ልጆች አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት የማስተማሪያ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ ላባውን፣ የኤሊውን ቅርፊት፣ የጅቡን ራስ ቅል ጠረጴዛ ላይ እደረድራለሁ። ከዚያ ልጆቹን ሃያ ሃያ አድርጌ በረግረጉ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መንገድ እመራቸዋለሁ። አትጩኹ፣ አትንቀሉ፣ አትወርውሩ ስል እውላለሁ። ስም እንኳ አውጥተውልኛል፤ እትዬ አትንኩ ነው የሚሉኝ።

የጥበቃ ኃላፊውን ሁሉም ሰው ሻለቃ ይላቸዋል። ወታደር ቤት ደጁን አልረገጡም፤ ሻለቃ ያሰኛቸው ሪዛቸው ነው። ጥቂት ይናገራሉ፣ ብዙ ያያሉ። ከረግረጉ ወዲያ፣ በእኛ ከተማ በኩል ባለው ዳርቻ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ የሽቦ ወጥመድ እያገኙ እንደሆነ በመጣሁ ሰሞን ነግረውኝ ነበር። ያኔ ሰምቼ ረሳሁት።

ሰኞ ዕለት አራተኛ ክፍሎችን ይዤ በዚያው ዳርቻ ሳልፍ አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጄን ሳበችኝ። ሚዳቋ ነበረች፣ ገና ያልጠናች። የኋላ እግሯ ሽቦ ገብቶበታል፣ ሽቦው ደግሞ ከአንድ የደረቀ ዛፍ ሥር ታስሯል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ተለማማጅ ወጥመድ አይነካም፣ ፊሽካ ነፍቶ ጠባቂ የሽቦ መቁረጫ ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃል። ልጆቹን አስቀመጥኩ፣ ፊሽካዬን ነፋሁ፣ ጃኬቴን አውልቄ ዓይኗንና ደረቷን ሸፈንኩላት። እሷ ግን በታገለች ቁጥር ሽቦው ወደ ሥጋዋ ይገባል። አላስቻለኝም፤ እጄን ሰደድኩ።

አባባ፣ ዓይኔ ሳያይ ጣቴ አወቀው። ሁለት ዙር ወደፊት፣ አንድ ዙር ወደኋላ፣ ከዚያ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሸጉጧል። እንደ ጫማዬ ማሰሪያ ፈታሁት። ሚዳቋዋ እያነከሰች ሄደች፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ግን ሽቦውን እንደያዝኩ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የዶሮ ቤቱን አጥር ሲሠሩ የሽቦ ጫፍ ሌባ ጣቴን እንደቀደደኝ ያስታውሳሉ። ያን ቀን ከእኔ ብሰው ያለቀሱት እርስዎ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሚያስሩትን ሽቦ ሁሉ ጫፉን ወደ ውስጥ ያጥፋሉ፤ እኔም ከጎንዎ ሆኜ ስፈታው ነው ያደግኩት። ሌላ አጥር ሠሪ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም፤ ጊዜ ይፈጃላ። ጎረቤቱ ይሄ ሰውዬ አጥር ነው ወይስ ጥልፍ የሚሠራው እያለ ይስቅብዎ ነበር።

ሻለቃ መቁረጫቸውን ይዘው ሲደርሱ ሽቦው እጄ ላይ ነው። የዚህን ሰው ቋጠሮ እኔ ሳልቆርጠው ፈትቼው አላውቅም፣ አንቺ እንዴት ፈታሽው አሉኝ። ላልቶ ነበር አልኩ። ሪፖርቱ ላይም ላልቶ ነበር ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እዚህ ከመጣሁ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት ይኸው ነው።

ክፍል ስንመለስ ሽቦውን ለልጆቹ እንዳሳይ አዘዙኝ። ያቺው ጥርሰ ወላቃ አገላብጣ አየችውና ጫፉ ለምን ታጠፈ አለችኝ። እጅ እንዳይወጋ ነው አልኳት። የማንን እጅ ብትለኝ ሽቦውን ከእጇ ተቀበልኳት። ቀና ስል ሻለቃ በሩ ላይ ቆመዋል።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ከትንንሾቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከደረቀው ዛፍ ሥር ሦስት ጠባቂ እንደሚያደፍጥ ነገሩኝ። ሰውየው ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው፤ ከተያዘ እስር ቤት ነው አሉኝ። ይህ ለተለማማጅ የሚነገር ነገር አይደለም። ሲነግሩኝ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያዩት። ወይ ለእኔም ወጥመድ ዘርግተውልኛል፣ ወይ መንገድ ሰጥተውኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ፣ አልለየልኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፒንሳዎን ይዘው ማልደው ሲወጡ የት ነው ብዬ ጠይቄዎ አላውቅም። ማታ ይዘው የሚገቡትን ሥጋ ደንበኛ ሰጠኝ ሲሉ አምኜ በልቻለሁ። ያን አድርቃችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ የላካችሁልኝንማ ለሻለቃም አቅምሻቸዋለሁ። የበሬ ነው አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አኝከው ጥሩ ነው አሉ። እትዬ አትንኩ ከቤቷ ምን እንደሚበላ አታውቅም ነበር።

ሥራ እንደቀዘቀዘ አውቃለሁ፤ አሁን ሰው ሁሉ አጥሩን በብሎኬት ነው የሚያሠራው። እኔን ማስተማር እንደከበደም አውቃለሁ። ቢሆንም ተናድጃለሁ፣ አባባ። የሚዳቋዋ ልብ በጃኬቴ ሥር ሲመታ እጄ ላይ ነበር፣ እስካሁን አልለቀቀኝም። ደግሞ እወድዎታለሁ። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ናቸው፣ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

የቀሩ ካሉ ቦታቸውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው በሾፌሩ ይላኩልኝ። ስም አያስፈልግም። እኔ ሄጄ እፈታቸዋለሁ።

ቅዳሜ ከጠባቂዎቹ ጋር እንድሆን ሻለቃን ለምኛቸዋለሁ፤ ለትምህርቱ ይጠቅመኛል አልኩ። እሺ አሉ፣ ነገሩም አልደነቃቸውም። እንግዲህ ጎህ ሲቀድ ከደረቀው ዛፍ ሥር ነኝ። ማንም ካልመጣ ሰኞ እነዚያው ልጆች ሲመለሱ ፊታቸው ቆሜ አስተምራለሁ፣ የማንን እጅ ላለችኝም መልስ እሰጣለሁ። የሚመጣ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። ፊቴን አላዞርም። ታውቂዋለሽ ወይ ቢሉኝም አላውቀውም አልልም።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስለዚህ ነገር ግን እንዳይነግሯት። ቅዳሜ ጠዋት ይተኙ፣ ጉልበትዎም ይረፍ። ፈጣሪ ደጃችሁን በሰላም ይጠብቅልኝ፣ እጅዎንም ይባርክልኝ።

ሌባ ጣቷ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅዎ