ለደህንነቴ ሲባል ዝም ስላሰኙት የእጅ ሰዓቴ

ለተከበሩ የስልክ አምራች ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ለእኔ ደህንነት ሲሉ እንቅልፍ ያጡት ባለሙያዎችዎ እንዴት ሰንብታችኋል? ጤናችሁ ይብዛ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓትም ሁልጊዜ ይሥራላችሁ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በሽመና ማሽን ላይ የቆምኩ፣ ሁለቱንም ጆሮዎቼን ለማሽኑ የገበርኩ ሴት ነኝ። ስልክ ይዞ ማሽን ላይ መቆም ስለማይፈቀድ፣ ስልኬ በሩ አጠገብ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። ማሽኔ ከሳጥኑ ስድስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ታናሽ እህቴ የገዛችልኝ ሰዓት፣ እናንተ ያልሠራችሁት በመሆኑ በቅድሚያ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከስልኩ መልእክት እየተቀበለ እጄን ይነዝረኝ ነበር፤ ሲነዝረኝ ብቅ ብዬ ሳጥኑን እከፍትና አንብቤ እመልሳለሁ።

መልእክቱን የሚልከው ባለቤቴ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ስኳር ሲጸናበት ጡረታ ወጣ። «መርፌዬን ተወግቻለሁ»፣ «በልቻለሁ» ይለኛል። አንዳንዴም «ድመቷ ወንበሬን ወስዳብኛለች፣ ቶሎ ነይና ፍረጂን» ይላል። ብቻዬን ስስቅ የሥራ ባልደረቦቼ አበደች ይሉኝ ነበር።

አቤቱታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ስልኬ ራሱን ሲያድስ «ለደህንነትዎ ሲባል» የሚል ረጅም ጽሑፍ አመጣልኝና፣ ለደህንነቴ የሚያስብ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። የሌላ ኩባንያ ሰዓት ከእንግዲህ መልእክት እንደማይደርሰው እዚያው ውስጥ ጽፋችሁ ኖሯል። ስላላነበብኩት ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ መርፌውን ተወግቶ ሲያበቃ ቁርስ አልበላም ብሎኝ ተነጫንጬበት ወጣሁ። እስከ ስምንት ሰዓት እጄ አንዴም አልነዘረም። አኩርፎኛል ብዬ፣ እኔም ማታ አላናግረውም አልኩ። ከፈረቃ ወጥቼ ሳጥኑን ስከፍት ሦስት መልእክት አገኘሁ። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ «እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» ይላል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ «ስኳሩን የት አስቀመጥሽው?» ይላል። ሦስተኛው ፊደል ብቻ ነው፤ ቃል አይሆንም። ስኳሩ መደርደሪያው ላይ፣ ከሻይ ቅጠሉ ጀርባ ነበር። አንድ መስመር ብመልስለት ይበቃው ነበር።

ባለቤቴን ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቆ ያገኘው ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነው። ሐኪሙ «አንጎሉ ያለ ስኳር ብዙ ቆይቷል» ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቴ አልሞተም። ይበላል፣ ይለብሳል፤ እኔን ግን፣ ከከንፈሩ እንደማነበው፣ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት በሆናት እህቱ ስም ይጠራኛል። መጀመሪያ አርመው ነበር፤ ሲደነግጥብኝ ግን ተውኩት። አሁን «አቤት» እለዋለሁ።

ሦስተኛ፣ መስታወት በመስታወት ወደሆነው የደንበኞች አገልግሎታችሁ ሄጄ፣ ጨዋ ወጣት አስተናገደኝ። ጆሮዬ አይሰማም ስለው እየጻፈ አሳየኝ።

«እናቴ፣ ሰዓቱ ምንም አልሆነም።»

«ስልኩስ?»

«ስልኩም ደህና ነው።»

«ታዲያ የተበላሸው ምንድን ነው?»

ወዲያ ወዲህ አየና ጻፈ፦ «የእኛን ሰዓት ቢያደርጉ ይሠራል። ግን ለዚህ ስልክ አይሆንም፤ ስልኩንም መቀየር አለብዎት።» ከዚያ ቶሎ ብሎ አጠፋው። ልጁን አደራ እንዳትቀጡብኝ፤ በግቢያችሁ እውነት የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ጽፌላችሁ አራት ጊዜ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ፣ ነጥቡ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ደርሶኛል። የንግድ ውድድርን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጉዳዩ ከእኔ በፊት ስድስት ዓመት ሲጠና እንደቆየና ገና እንደሚጠና ነግሮኛል። ሰዓቱን የሠሩት ሰዎችም በሩን የዘጋችሁት እናንተ እንደሆናችሁና ቁልፉ እነሱ ጋ እንደሌለ ገለጹልኝ። ስለዚህ ምንም አልለምንዎትም። ዛሬ ብትከፍቱትም ከዚያኛው ጫፍ የሚጽፍልኝ ሰው የለም። ስልክ ስሰጠው አገላብጦ አይቶ ይመልስልኛል።

ላደረጋችሁልኝ ጥበቃ ሁሉ፣ ከእህቴ ስጦታ ስላዳናችሁኝም ጭምር፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በመረጠችው ሰዓት ሳይሆን በፈቀዳችሁላት ሰዓት የምትኖር ታዛዥ ደንበኛችሁ፣
የሽመና ማሽን ሠራተኛዋ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ማሽን ላይ ሳለሁ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቴ እጄን ነዘረኝ። ጽፎልኛል ብዬ ማሽኑን አቁሜ፣ ክሩን በጥሼ፣ ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ። የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ ከአምስት ኮከብ እንድሰጥ ትጠይቃላችሁ። ለካ የእናንተ መልእክት ያልፋል።